የሰብስቤ ስእለት

ሰው ሁሉ ፋሲካ እስኪመጣ ቀን ሲቆጥር ሰብስቤ ግን ሁዳዴ ባያልቅ ደስ ይለው ነበር። ቀልድ አይደለም፣ የምሬን ነው። ሃምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ ሰው ቤት እንደ ልቡ ይገባል፤ ሽሮ ይበላል፣ ምስር ይበላል፣ "እስቲ ጨምሩልኝ" ይላል፣ ይጫወታል። ፋሲካ ሲደርስ ግን ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ሌላው ዶሮውን ሲያወጣ እሱ የትናንቱን ሽሮ ያሞቃል።

ምክንያቱ ቅቤ ነው። ቅቤ፣ ወተት፣ አይብ፣ እርጎ፣ ብቻ ከላም ጡት የወጣ ነገር ሁሉ። ከአፉ ሲገባ ሰውነቱ ይቆጣል፣ ከንፈሩ ያብጣል። ሕፃን ሳለ እናቱ አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ ብታደርግለት ግንባሩ ሳማ የለበለበው መሰለ። ጎረቤት ተሰብስቦ "ምች ነው" አለና ዳማከሴ ጨምቆ አሸው። በሌላ ጊዜ ቅቤ ሲቀባ እንደገና ያው። ሌላው ያላስተዋለውን እናቱ አስተዋለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሱን ድስት ለየች። ጉዳዩን በደንብ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ከስምንት ዓመት በፊት እሷ ስትሞት የሚያውቅለት ሰው አጣ።

"ታዲያ ለምን ለሰው አይናገርም?" ትሉ ይሆናል። ተናግሮ አይቶታል እኮ! በሃያ ስምንት ዓመቱ ቦዲቲ ከተማ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ልጅቱ ሰገነት ትባላለች፤ አስተማሪ ነበረች፣ ትወደውም ነበር። "እሺ" ከተባለ በኋላ አባቷ ቤት ተጠራና ሙቹዋ ቀረበለት፤ ቆጮ በወተትና በቅቤ ታሽቶ የሚሠራው፣ ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው። ቅቤው ከላይ ተንሳፍፏል። ሰብስቤ "ቅቤ አይስማማኝም፣ ያሳብጠኛል" አለ፣ በግልጽ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዱ "ቅቤ የሚፈራ ሙሽራ መጣልን!" ብሎ ጭኑን መታ። አባትየው ግን አልሳቁም፤ ቤታቸውን የናቀባቸው መስሏቸው ነገሩን በሆዳቸው ያዙት። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ "ይቅር ተብሏል" የሚል መልስ ይዘው መጡ። ሰብስቤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሴት አላጨም።

ስእለቱን የፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ሠርግ ላይ አስተናጋጇ ብላ ብላ እያለች ብታስቸግረው "ስእለት አለብኝ፣ ቅቤ አልነካም" ብሎ ወረወራት። ወይ ጉድ! አፉ ላይ ሊደፉበት የነበረው ሳህን ወዲያው ተነሣ። አንዲት አሮጊት እንዲያውም "እግዜር ይቀበልህ ልጄ" ብለው መረቁት። "በሽታ ነው" ሲል የተሳቀበት ሰው "ስእለት ነው" ሲል ተከበረ። ታዲያ ማን ሞኝ አለ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይቺኑ ይዞ ኖረ።

ችግሩ ስእለት ምክንያት ይፈልጋል። እሱ የሚኖርበት የወላይታ ሶዶ ሰው ደግሞ ጠያቂ ነው። ምን ቢበድል ነው ይህን ሁሉ ዘመን ራሱን የሚቀጣው? አንዱ "በደርግ ጊዜ ሰው አስገድሎ ነው" አለ፤ ሌላው "ቦዲቲ ያስለቀሳት ሴት አለች አሉ" አለ። ሰብስቤ እንኳን ሰው ዶሮም ገድሎ አያውቅም። ቢያስተባብል ውሸቱ ሊወጣ ነው፤ ዝም አለ። ሰዉም ቀስ በቀስ ለንስሐው ተወው። "አታስቸግሩት፣ የራሱ ጉዳይ አለው" እየተባለ ጥሪው ቀነሰ፣ ከዚያ የሁዳዴውም ሳይቀር ቆመ። ባለፈው ዓመት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ጡረታ ሲወጣ ደግሞ "እንደምን አደርክ" የሚለውም አለቀ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይውላል። ማታ ሲያስለው የገዛ ድምፁ ያስደነግጠዋል። ብቸኝነት እንዲህ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ከሦስት ዓመት በፊት ወተት እንዳለበት ሳያውቅ ከሱቅ የገዛው ብስኩት ሰውነቱን ሽፍ አድርጎት ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። ሃይማኖት የምትባል ነርስ ካርዱን አስቀምጣ ዓይን ዓይኑን እያየች ነገረችው።

"አባቴ፣ ይሄ አለርጂ ነው። ቆዳዎ ላይ ብቻ ከቀረ ይሄን ኪኒን ውጠው ይጠብቁ፤ ብቻዎን ሆነው ግን አይደለም። ድምፅዎ ከተቀየረ፣ ጉሮሮዎ ከጠበበ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ወይም ከሽፍታው ጋር ማስመለስ ወይ ማዞር ከመጣ፣ ኪኒኑ አያድንዎትም። የሚያድንዎት መርፌ ነው፤ እሱ ያለው ሆስፒታል ነው። ያን ጊዜ ደቂቃ አይጠብቁ። በር ዘግተው እንዳይተኙ። አብረዎት ያሉ ሰዎችም ይወቁ።"

ሰብስቤ ሁሉንም "እሺ" አለ። ኪኒኑን ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠ። ለማንም ግን አልተናገረም።

መስከረም ገባ፤ ጊፋታ ደረሰ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ስለሆነ የማይበላና የማይዘፍን ቤት የለም። ከሰብስቤ አጥር ማዶ የሚኖሩት ቶማና ሚስቱ ብሩክታይት ናቸው። ቶማ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ብሩክታይት ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። እጇም አፏም ፈጣን ነው፣ ልቧ ደግሞ ቶሎ የሚራራ። ጎረቤት ከሆኑ ስድስት ዓመታቸው ነው። በየጊፋታው ትጠራዋለች፣ በየጊፋታው "ስእለቴን ታውቂያለሽ" ብሎ ይመልሳታል። ዘንድሮ ግን እሑድ ረፋዱ ላይ በሩ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስም አለች።

"ጋሽ ሰብስቤ፣ ዛሬ እምቢ የሚባል ነገር የለም። እኛ ቤት ሙሉ ሰው ሆነን እንስቃለን፣ እርስዎ እዚህ ቁጭ ብለው የእኛን ሳቅ ያዳምጣሉ። ይሄ ደስ ይላል?"

"ብሩክታይትዬ፣ ስእለቴን..."

"አውቃለሁ አልኩዎ! ቦዬና ጎመን በዘይት ለብቻዎ ሠርቻለሁ። ድስቱም ለብቻው ነው።"

እውነቱን ለመናገር ሳቃቸውን ሲያዳምጥ ነበር የቆየው። ማን ምን እንዳለ እንኳን ለይቶ ነበር። ስለዚህ ጢሙን ተላጨ፣ ኮቱን ለበሰና ሄደ።

ቤቱ ሞልቷል። ሥጋው ተሰቅሏል፣ ቢላዋ ይፋጫል፣ ወጣቶቹ "ዮዮ ጊፋታ" እያሉ ያጨበጭባሉ። ቶማ ከጎኑ ቦታ ለቀቀለትና አስቀመጠው። ብሩክታይት የእሱን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ መጣች፤ የተቀቀለ ሥር የሆነው ቦዬ፣ ጎመን፣ ዳርቻው ላይ ዳጣ። ዳጣ የወላይታ በርበሬ ነው፣ ከነእሳቱ። ሰብስቤ ጎመኑን በዳጣ እያጠቀሰ ጎረሰ። ምላሱን ቆጠቆጠው፤ ከንፈሩን ነዘረው።

"ያዘዎት አይደል?" አለው ቶማ እየሳቀ።

"ምን ያዘኝ ብቻ፣ አቃጠለኝ እንጂ!"

ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። በዳጣ ያልነደደ ማን አለ? የቶማ ግንባር በላብ ርሷል፣ የሌሎቹም ዓይን ያለቅሳል። ሰብስቤ ሁለተኛውን ጎረሰ፣ ሦስተኛውን ጎረሰ። አንዱ ስለ ድሮው ትምህርት ቤት ጠየቀውና የጠፋ ሰርተፍኬት ፍለጋ ጣራ ላይ የወጣበትን ቀን አጫወታቸው፤ ቤቱ በሳቅ ተንጫጫ፣ በእሱ ላይ ሳይሆን በወሬው። እንዲህ ከተደሰተ ስንት ዓመቱ ነው! ከንፈሩ ወፈር እንዳለ ቢሰማውም ዳጣው ነው ብሎ ተወው።

ዳጣ ግን መዳፍ አያሳክክም። ጆሮ ውስጥም አይገባም። መዳፎቹን መብላት ሲጀምረውና የጆሮው ውስጠኛ ክፍል ሲያሳክከው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሳህኑን አስቀመጠና "ልሂድ፣ ትንሽ ደከመኝ" ብሎ ተነሣ።

ብሩክታይት በሩ ድረስ ተከትላ መጣች። ፊቷ በደስታ ያበራል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ጋሽ ሰብስቤ፣ እንዳይቆጡኝ" አለችው። "ጎመኑ ውስጥ ለጋ ቅቤ ጨምሬበታለሁ።"



"ያደረጉት ምንም ይሁን ምን፣ ክርስቶስ ከፍሎልዎታል እኮ! ሠላሳ ዓመት ራስን መቅጣት ምንድን ነው? ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ እርስዎ ጸልያለሁ፣ ጾምኩልዎ። ዛሬ ነፃ ይውጡ ብዬ ነው። ይኸው በሉት፤ ሰማይ ተደፋ? ምን ሆኑ?"

እዚህ ላይ ነው መናገር የነበረበት። ደጃፉ ላይ፣ ሰው ሞልቶ፣ ድምፁ ገና ሳይዘጋ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ሰብስቤ ግን የሴትዮዋን እንባ አየ። ያንን ደስታዋን በምን አፉ ያጥፋው? ደግሞስ ሠላሳ ዓመት የዋሸ ሰው በጊፋታ ቀን ሠላሳ ሰው ፊት ምን ብሎ ይጀምራል? "እግዜር ይስጥልኝ" አላትና ወጣ። ይሉኝታ! ይሉኝታ የሚሉት ነገር አንድ ቀን ሁላችንንም ይጨርሰናል።

ቤቱ ገባ፤ እንደ ልማዱ በሩን ቆለፈ። ኪኒኑን በውሃ ዋጠና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ክንዱን ገለጥ ቢያደርግ ቆዳው አብጦ ቀልቷል። "ያልፋል፣ ሌላም ጊዜ አልፏል" አለ። ፊቱን አላየም፤ "ፊትህ ምን ሆነ?" የሚለውም ሰው የለም። ማዶ ዘፈኑ ደርቷል። ሆዱ ተገለበጠበትና ወለሉ ላይ አስመለሰ። "እግዚኦ" ሊል አፉን ሲከፍት የወጣው የእሱ ድምፅ አይደለም፤ የታነቀ፣ የሻከረ የሌላ ሰው ድምፅ ነው።

የነርሷ ቃል ትዝ ያለው ያኔ ነው። ሽፍታ አለ። ማስመለስ መጣ። ድምፁም ተቀየረ። ይሄ ኪኒን ተውጦ የሚጠበቅበት አይደለም። ሊሞት ነው።

ያም ሆኖ ወዲያው አልተነሣም። ውርደቱ ከበደው። ግን አንድ ነገር ወደ አእምሮው መጣ፦ እዚህ ብሞት መቼ ነው የምገኘው? ነገ የሚጠብቀው ቢሮ የለም። የሚደውል ልጅ የለም። ብሩክታይት ስለ ቅቤው የተቀየማት መስሏት እስኪበርድለት ትተወዋለች። ሦስት ቀን? ሳምንት? አሰበ፣ አሰበ፣ ከሳምንት በፊት ይህን በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው አጣ። ከሞቱ ይልቅ ይሄ አስፈራው። ይሄው ፍርሃት ከአልጋው አነሣው።

ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከእጁ አመለጠ። ወለሉ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። አጥሩን እየደገፈ ሄደ፤ ትንፋሹ ሲገባ ያፏጫል። ቶማ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ጭብጨባው ተቋረጠ። አንዲት ሴት ጮኸች። ዓይኖቹ በእብጠት ተዘግተዋል፣ ከንፈሩ ተገልብጧል።

"ስእለቱ ነው!" አለ ከውስጥ አንድ ሰው። "ስእለቱን አፍርሶ ነው!"

ብሩክታይት ደረቷን ደቃች። "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያፈረስኩበት! ጌታዬ፣ በእኔ ይሁን!"

ቶማ ብድግ ብሎ እጁን አናቱ ላይ ጫነና "በኢየሱስ ስም" ብሎ ጀመረ። ቤቱ ሁሉ ተከትሎ ጸሎቱን አነሣ። ሰብስቤ የቀረችው ትንፋሽ ስንት ቃል እንደምታወጣ አያውቅም። የቶማን እጅ ያዘና አወረደው።

"ስእለት የለም" አለ። "ውሸት ነው። በሽታ ነው... ቅቤው... ሆስፒታል።"

ቶማ ለአንዲት ቅጽበት ቀጥ ብሎ አየው። ከዚያ፣ እግዜር ይስጠው፣ ምንም አልጠየቀም። በብብቱ ስር ገብቶ ደገፈውና "ባጃጅ ጥሩ! መንገድ ላይ እንጸልያለን!" ብሎ ጮኸ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ቶማ ከባጃጁ ሳይወርድ "አለርጂ ነው፣ ቅቤ በልቶ ነው፣ መተንፈስ አቅቶታል" እያለ መጣራት ጀመረ። ለወሬ ጊዜ የሰጠ የለም። አስተኙትና መርፌውን ጭኑ ላይ ወጉት፤ ኦክስጅን አፉ ላይ አደረጉ። ልቡ ደረቱን ሰብሮ ሊወጣ ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ አየሩ ገባ፤ ሙሉውን፣ እስከ ታች። ሰብስቤ ስልሳ አንድ ዓመት ሲተነፍስ ኖሮ መተንፈስ እንዲህ እንደሚጥም አያውቅም ነበር።

ብሩክታይት እግርጌው ቆማለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የለበሰችው፤ አላወቀችውም።

"ስእለት የለም ማለት ምን ማለት ነው?" አለችው።

በሻከረ ድምፅ ነገራት። ሙቹዋውን፣ ሳቁን፣ ሰገነትን፣ ሠርግ ላይ የወረወራትን ቃል። ጨርሶ ቀና ብሎ አያት። ያለቀሰች መስሎት ነበር፤ ተቆጥታ ነው እንጂ።

"እኔ ለሌለ ኃጢአት ነው ስድስት ዓመት ያለቀስኩት?" አለች። "አንድ ቀን 'ብሩክታይት፣ ቅቤ ያመኛል' ቢሉኝ ምን ነበረበት? አንድ ቃል! ዛሬ ሞተው ቢሆን እኔ ማን እሆን ነበር? ገዳይ ሊያደርጉኝ ነበር እኮ!"

"አንቺ አላጠፋሽም።"

"አጥፍቻለሁ እንጂ! ሰው የማይበላውን ሰርቄ ሳህኑ ውስጥ ጨምሬያለሁ፤ እሱን ከጌታዬ ጋር እጨርሳለሁ። እርስዎም ግን አጥፍተዋል።"

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ቶማ ትከሻውን ነካ አድርጎት "ትበርዳለች" አለና ተከተላት። ሰብስቤ ጣራ ጣራውን እያየ ቀረ። በቃ፣ ያለችኝን አንዲት ደጅ ዘጋሁ አለ በልቡ። ሌሎቹ አልጋዎች ዙሪያ ዘመድ ተኮልኩሏል፤ የጊፋታ ምግብ በሳህን ይዘው የመጡም አሉ። የእሱ አልጋ ጋ መቀመጫው ባዶ ነው። አዘነ፣ በጣም አዘነ።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ጌታነህ የሚባለው ሐኪም መጣና ደረቱን አዳመጠ። "ደህና ነዎት። ግን የመርፌው ኃይል ሲያልቅ ሊመለስ ስለሚችል ትንሽ እናቆይዎታለን። ቤት ከሄዱ በኋላም ዛሬ ብቻዎን አያድሩም። ትንፋሹ እንደገና ከጠበበ ያኔውኑ ይዞዎት የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። ማን አለ?"

ሰብስቤ ስልኩን አወጣ። ስሞቹን አንድ በአንድ አሳለፈ። መብራት ኃይል። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ። የጡረታ ቢሮ። እማዬ፤ አላጠፋውም ነበር። ወደ ኋላ ተመለሰና ደወለ። አራት ጊዜ ጠራ።

"ሃሎ" አለች ብሩክታይት። ቀዝቃዛ ድምፅ ነው።

"ብሩክታይት፣ ሐኪሙ ብቻህን እንዳታድር ብሎኛል። ሊመለስ ይችላል አለ።" ቀጥሎ ያለውን ለሰው ተናግሮ አያውቅም። "ሰው የለኝም። ፈርቻለሁ።"

የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየ።

"በርዎን ክፍት ትተው ነው የሄዱት" አለች በመጨረሻ።

"አዎ።"

"ገብቼ ወለሉን አጠብኩ።" ድምፅዋ ተሰበረ። "ጋሽ ሰብስቤ፣ ቤትዎ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው።"

ሰብስቤ ስልኩን ወደ ጆሮው ጠጋ አደረገው።

"አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ። ስድስት ዓመት አጥር ለአጥር ኖረን ይሄን አላውቅም።" አፍንጫዋን ሳበች። "የታረቅን እንዳይመስልዎት። አኩርፌያለሁ፣ በጣም።"

"እሺ።"

"ቶማ ወንበር እያሻገረ ነው፣ እሱ እዚያ ያድራል። እኔም እመጣለሁ። አሁን የማይበሉትን ይንገሩኝ። ሁሉንም፣ አንድም ሳይደብቁ፤ እስክሪብቶ ይዣለሁ።"

"ቅቤ" አለ ሰብስቤ።

"እሱንማ አወቅነው፤ ይቀጥሉ።"

"ወተት። አይብ። እርጎ።"

እሷ ከኋላው እየደገመች ትጽፋለች፤ ወተት፣ አይብ፣ እርጎ። ሰብስቤ እንባውን በአንሶላው ጫፍ ጠረገና ቀጠለ።